ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ቀን የሚቀረው

ከቲሳ ወንዝ እስከ ሩማንያ ድንበር ባለው ሜዳ ላይ፣ ራዶሽ ነክቶት ያልዳነ ኮምፒውተር የለም ይባል ነበር። ይህን የሚለው ራሱ ራዶሽ ነው። ግን ጮክ ብሎና ሳይታክት ስለሚለው የኪኪንዳ ከተማ ሰው ግማሹ አምኖታል፤ የቀረው ግማሽ ዘመዱ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ገበያው በር ላይ ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ በሚገባባት ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ያን ጃንዋሪ ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ሰው መንገድ የሚሻገረው በእጁ እየገፋው ነበር። አደባባዩ ዛፎች ላይ የሚከርሙት ጉጉቶች ስምንት መቶ ናቸው የሚሉ አሉ፤ መቁጠር የደከማቸው ሰዎች ናቸው።

ኔቬና ከዚያ ጉም ውስጥ ወጥታ ወደ ሱቁ ገባች። ጉሙ ፀጉሯ ላይ ጤዛ ሠርቶበታል።

«ሊኑክስ መጫን የሚችል ሰው እፈልጋለሁ» አለች።

ራዶሽ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ቀጥሎ የነበረውን ሩብ ደቂቃ በምን እንዳሳለፈው አያውቅም፤ በእጁ የነበረው የስልክ ብሎን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። በሩ ላይ ‹ሁሉንም እንጠግናለን› ይላል።»

«እሱን ትሑት ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

«ሊኑክስ ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

«እኔ? እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ሊኑክስ እኮ እኔን ሲያይ ቆሞ ነው የሚያሳልፈኝ!»

እውነቱን ለመናገር በሕይወቱ የጫነው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱንም የጨረሰለት የአክስቱ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኔቬና የቄስ ስፒሪዶን ልጅ ናት፤ የደብሩን መዘምራን ትመራለች። መዘምራኑ አሥራ አንድ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ሲደመር ከከተማዋ ዕድሜ ይበልጣል። ጃንዋሪ ሃያ ሰባት፣ በቅዱስ ሳቫ ዕለት፣ ሦስት መዝሙር ሊዘምሩ ነው። የድሮው መሪ በእጁ የጻፈውን ኖታ እርጥበት በልቶት ማንበብ አይቻልም። ኔቬና ሦስቱንም በትምህርት ቤት ኮምፒውተር፣ በኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ገልብጣ በፍላሽ ይዛቸዋለች፤ ትምህርት ቤቱ ግን ማሞቂያው ተበላሽቶ ተዘግቷል። የደብሩ ቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ በገና ማግስት ቀጥ አለ። ሊኑክስ ኮምፒውተርን ከሥር የሚያስነሳ ሥርዓት ነው፣ በነጻም ይገኛል፤ የኖታውም ፕሮግራም ከእሱ ጋር በነጻ ይገኛል።

«የደብሩ ኮሚቴ ምን አለኝ መሰለህ?» አለች ኔቬና። «‹በሳቫ ዕለት ከንጹሕ ወረቀት አንብበው በደንብ ካልዘመሩ መዘምራኑን እንበትናለን፤ ያንቺም ሥራ ያበቃል።› እንዲህ ነው ያሉኝ። አክስቴ ውጭ አገር፣ ግራትስ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት ሥራ ይዛልኛለች። በሃያ ዘጠኝ አውቶቡስ አለ።»

«አውቶቡሱን እርሺው» አለ ራዶሽ። ካወቃት ገና አራት ደቂቃው ነው። «ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ። ሻይ አፍይልኝ፤ ሳይቀዘቅዝ እጨርሰዋለሁ።»

በማግስቱ፣ ጃንዋሪ አሥራ ሁለት፣ የቄሱ መኖሪያና ቢሮ ወዳለበት ወደ ደብሩ ቤት ሄደ። ጫማውን አውልቆ የቄሱን ነጠላ ጫማ አጠለቀ፤ የአንድ ጫማ ስፋት ሁለቱን እግሮቹን ይችላል። ኔቬና ለእንግዳ የሚቀርበውን የኩዊንስ ፍሬ ማርማላታ በማንኪያ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አቀረበችለት። ማሽኑ እንደ ትራክተር እያጓራ ሊኑክስን ተቀበለ፤ አመሻሹ ላይ ስክሪኑ ላይ የሰማያዊ ተራራ ሥዕል ወጣ። ራዶሽ ተራራውን እሱ ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፋ።

ቄስ ስፒሪዶን ገብተው ተራራውን አዩት፤ ራዶሽንም አዩት። ጢማቸው ከእሳቸው በፊት ክፍል የሚገባ ሰው ናቸው።

«ጠጋኙ አንተ ነህ?»

«ነኝ አባ። ማሽኑ ድኗል። ነገ የኖታውን ፕሮግራም ጨምሬበት መሰናበቴ ነው።»

«መልካም። ለደብሩ ሥራ የሚመቸኝን እኔም ጠዋት ላይ አስተካክልበታለሁ» አሉ ቄሱ። ያን ጊዜ ራዶሽ ልብ አላለውም። ኔቬና በሩ ላይ ቆማ ሻርፗን እያሰረች ነበርና ጣሪያው ቢወርድም ልብ አይልም።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ሊያስገባ ትእዛዙን ጻፈ። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው ተጠቅልሎ ነው፤ ጥቅሉን ፓኬጅ ይሉታል። ማሽኑ መጀመሪያ የፓኬጆቹን ዝርዝር ከኢንተርኔት ያወርድና ከዝርዝሩ መርጦ ይጭናል። ዝርዝሩ ግን አልወርድ አለ። አንድ ቀይ መስመር ወጣ፦ «ይህ ዝርዝር ገና አልጸናም። ለመጽናት አሥራ ሁለት ቀን ከአራት ሰዓት ይቀረዋል።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ኔቬና።

ራዶሽ አላወቀም። ሳያውቅ ዝም ማለት ደግሞ በዘሩም የለም።

«ጥሩ ዜና ነው!» አለ። «ፕሮግራሙ አዲስ ነው፤ ገና ምድጃ ላይ ነው። በሃያ አምስት ይበስላል። ለሳቫ ሁለት ቀን ይተርፈናል።»

ኔቬና አየችው። ረጅም፣ ጸጥ ያለ አስተያየት ነበር። «ምድጃ ላይ» አለች።

«አዎ፣ ምድጃ ላይ።»

«ታዲያ ነገ ትመጣለህ?»

«ለምን?»

«መብሰል መጀመሩን ለማየት።»

በአሥራ አራተኛው መጣ። ዕለቱ የድሮው አዲስ ዓመት፣ የቤተ ክርስቲያን ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ከተማው ሁሉ አምሽቶ ራሱን ይዞ ይሄዳል። ማሽኑም ስክሪኑ ጥግ ላይ «ጃንዋሪ አንድ» ይላል። ራዶሽ አይቶት ፈገግ አለ። «እንኳን አደረሰህ» አለው ማሽኑን። ትእዛዙን ጻፈ። ቀዩ መስመር ወጣ፦ አሥራ ሁለት ቀን ከሦስት ሰዓት።

«ትናንትም አሥራ ሁለት ነበር» አለች ኔቬና።

«ትናንት ዋዜማ ነበር። ዋዜማ አይቆጠርም።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን አሥራ ሁለት። በአሥራ ስድስተኛው አሥራ ሁለት። ራዶሽ ዝርዝሩ የሚወርድበትን አድራሻ ቀየረ፤ ከቤልግሬድ ወደ ቪየና፣ ከቪየና ወደ ኖርዌይ ላከው። ኖርዌይም አሥራ ሁለት አለች። ያወረደውን አጠፋ፤ እንደገና አወረደ። በኢንተርኔት እርዳታ ጠየቀ፤ ብራዚል ያለ አንድ ሰው ገጽ የሚሞላ ትእዛዝ ላከለት፤ ፊንላንድ ያለ ሌላ ሰው ደግሞ የብራዚሉን ሰው ሰደበው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሁሉንም ጠራርጎ ሊኑክስን ከሥር እንደገና ጫነ። ተጭኖ ሲያበቃ ቄሱ የጸሎት ሰዓት ነው ብለው መብራት አጠፉ። ራዶሽ ጠዋት ተመለሰ፤ አሥራ ሁለት።

ሱቁ ላይ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ከሄደ ሳምንት አለፈ። ስልኩን የሰጠው ሰው ሁሉ በደብሩ አጥር ላይ እየተንጠራራ ይጠራዋል። ከመዘምራኑ ታላቋ እማማ ግሮዝዳና ለልምምድ በመጡ ቁጥር አንገታቸውን ያስገባሉ።

«አንተ ልጅ፣ የምትጠግነው ማሽኑን ነው ወንበሩን? ቅርጽህ ወጥቶበታል እኮ!»

«ደርሷል፣ እማማ።»

«እኔም ደርሻለሁ፤ ሰማንያ አንድ። ማን እንደሚቀድም እናያለን።»

ኔቬና እየሳቀች ዳቦ ላይ የአሳማ ስብ ቀብታ፣ ቀይ በርበሬ ነስንሳ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች። ከዚያ ትቀመጣለች፤ እሱ ማሽኑን ያያል፤ እሷ የሱን እጆች ታያለች። አንዳንዴ ዓይናቸው ይጋጫል። ያን ጊዜ ሁለቱም ማሽኑ አንድ ነገር የተናገረ ይመስል ወደ ስክሪኑ ይዞራሉ። ማሽኑ ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

በዓለም ላይ እንደ ራዶሽ አቅም ያጣ ሰው አልነበረም። መርከብ ሰጥሞበት በሳንቃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው እንኳ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀዝፋል። እሱ በቀዘፈ ቁጥር ዳርቻው አብሮት ይሄዳል። መናገሩንም እየተወው መጣ። ኪኪንዳ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ ሰው ምን ጎደለን ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ።

በሃያ አራተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ትእዛዙን ሳይጽፍ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ።

«ኔቬና።»

«እ?»

«አላውቅም።»

«ምኑን?»

«ምንም። ሊኑክስ ሁለቴ ነው የጫንኩት፤ አንዱን የአክስቴ ልጅ ነው የጨረሰው። ምድጃ ምናምን ያልኩሽ ውሸት ነው። ይሄ መስመር ምን እንደሚል አላውቅም። ሦስት ቀን ቀረሽ። እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ።»

የዳቦውን ሳህን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደማታውቅ። በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅኩት። ፕሮግራም እንዴት አድርጎ ምድጃ ላይ ይጣዳል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተና ጢሙ ገባ፤ ቄሱም ተከተሉት። የጥምቀት መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል። ጎንበስ ብለው የስክሪኑን ጥግ አዩና ረክተው ብዕራቸውን አነሱ።

«ዛሬ ጃንዋሪ አሥራ አንድ» አሉ እየጻፉ።

«ሃያ አራት ነው አባ» አለ ራዶሽ፣ ለአፉ ያህል።

«ለገበያው ሃያ አራት ይሁን። ለቤተ ክርስቲያን አሥራ አንድ ነው። ይህ ደግሞ የገበያ ማሽን አይደለም። አንተ ስትጭነው አሥራ ሦስት ቀን አስሩጠኸው ነበር፤ በማግስቱ ወደ ሃይማኖቱ መለስኩት። ደግመህ ስትጭን ደግሜ መለስኩት። ቀኑን ከኢንተርኔት የሚወስድባት ምልክት ነበረች፤ እሷንም አጠፋኋት።»

ራዶሽ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ።

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ በየቀኑ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን። በዚያ አገር ያደገ ሰው ዓይን ሁለቱንም አይቶ ሁለቱንም ያልፋል። ሌላ አገር ቢሆን የሦስት ዓመት ልጅ «ኮምፒውተሩ ቀኑ ተሳስቷል» ይል ነበር። ራዶሽ ግን ለአሥር ቀን ሙሉ ጥጉን አይቶት፣ አንድም ቀን አልገረመውም። «እንኳን አደረሰህ» ሁሉ ብሎታል!

ነገሩ አሁን እንደ ጠራራ ፀሐይ ታየው። የፓኬጆቹ ዝርዝር በየቀኑ ታድሶ የዕለቱ ቀን ይታተምበታል። ማሽኑ ዛሬ አሥራ አንድ ነው ብሎ ያምናል፤ የሚመጣለት ወረቀት ግን በሃያ ሦስት የተጻፈ ነው። «ገና ያልመጣ ቀን የተጻፈበትን ወረቀት እንዴት ልመን? ቀኑ እስኪደርስ እጠብቃለሁ» ይላል፤ ከልቡም ይጠብቃል። በማግስቱ ማሽኑ አንድ ቀን ይራመዳል፤ ወረቀቱም አንድ ቀን ይራመዳል። ዕድሜ ልካቸውን ሲከታተሉ ቢኖሩ አይገናኙም።

«አባ» አለ ራዶሽ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ሃያ አራት ይሁንልኝ።»

«ቀን እንደ ጨው ይበደሩታል እንዴ?»

«አንድ ሰዓት። ከዚያ ራሴ እመልሰዋለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ጥጉን ማየት ነበረብኝ።»

«ምን ስታይ ነበር ታዲያ አሥር ቀን ሙሉ?»

ራዶሽ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቄስ ስፒሪዶን ልጃቸውን አዩ፤ ራዶሽን አዩ፤ መዝገባቸውን ቀስ ብለው ዘጉ።

«አባዬ» አለች ኔቬና። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቄሱ ጳጳስ ተቆጥቷቸው ጢማቸው ያልተነቃነቀ ሰው ናቸው። ለዚያች ቃል ግን እጅ ሰጡ።

«አንድ ሰዓት» አሉ። «እኔ እንጨት ልፈልጥ ወጥቻለሁ። ያየሁት ነገር የለም።»

ራዶሽ ቀኑን ቀየረና ትእዛዙን ጻፈ። ዝርዝሩ አንዴ ሳያንገራግር ወረደ። ማሽኑ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፓኬጅ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። ራዶሽ «አምጣ!» ብሎ ሲጮህ ውጭ እንጨት የሚፈልጡት ቄስ ለአፍታ መፍለጣቸውን አቆሙ። መስመሮቹ እንደ በረዶ ናዳ ወረዱ። ቀይ የሚባል ነገር የለም።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። ኔቬና ፍላሿን ሰካች። ሦስቱ መዝሙሮች፣ ጥርት ብለው፣ ጭራቸው ሳይቀር ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ። አታሚው እያቃሰተ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ቅጂ ተፋ። ኔቬና ትኩሱን ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ራዶሽ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ከነገ ጀምሮ ወደዚህ ቤት የሚመጣበት ምክንያት እንደሌለው ገባው።

«እንግዲህ» አለ። «ጫማዬን ላምጣ።»

«ሰዓቱ አላለቀም» አለች። «አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ። የኔ እጆች ወረቀት ይዘዋል።»

«ለማን?»

«ለአክስቴ፤ ግራትስ።»

ራዶሽ ተቀመጠ። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አኖረ።

«‹ውድ አክስቴ ዩልካ፣ ስለያዝሽልኝ ሥራ አመሰግናለሁ› በል።»

ጻፈ።

«‹በሃያ ዘጠኙ አውቶቡስ...›» አለችና ቆመች። ውጭ መጥረቢያው ሦስት ጊዜ ወረደ።

«‹...አልመጣም።›»

ሊዞር ሲል «ወደ ፊትህ እይ!» አለችው። «‹ኮሚቴው ቢያባርረኝም ባያባርረኝም አልመጣም። አጎቴ ቬሊሚር ዝሬንያኒን ከተማ ውስጥ ቢሮው ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ኖታውን ስጪኝ፣ በአንድ ቀን ላትምልሽ ብሎ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አልኩት።›»

«እምቢ? አብደሻል? ሥራሽ እኮ ነው አደጋ ላይ የነበረው!»

«አንተ ጸሐፊ ነህ፤ ጸሐፊ አይከራከርም። ‹እምቢ ያልኩት በየቀኑ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። ወረቀቱ ከታተመ መምጣቱን ይተወዋል ብዬ ፈራሁ።›»

ራዶሽ ጻፈው። አነበበው። ግንባሩ ተኮማተረ። ከቲሳ እስከ ድንበሩ አቻ የለኝም የሚለው ሰው፣ ያን ጊዜ አእምሮው ውስጥ አንድም የሚሠራ ብሎን አልቀረለትም።

«ይሄ ሰውዬ...» አለ በደከመ ድምፅ፣ «የሚመጣው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው?»

ኔቬና ወረቀቱን ጥላ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ራዶሽ አለቀሰች ብሎ ደነገጠ፤ እየሳቀች ነው። እንባዋን እየጠረገች ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው፤ አላነሳችውም።

«አንተ ሰው» አለች በሹክሹክታ። «‹ስሙም› ብለህ ጻፍ።»

«‹ስሙም...›» ጻፈ። «ማን ልበል?»

«እሱን እንኳ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።»

ያን ስም ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በገበያ፣ በአደባባይ፣ በሠርግ ቤት ሲጮኸው ኖሯል። አሁን ግን በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ቁልፉ እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል ጻፈው። ሲጨርስ እጁ እዚያው ቀረ። የኔቬና እጅ መጥቶ ከላዩ አረፈበት።

«ልክ ነው?» አላት። ስለ ስሙ ሳይጮህ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ማንበብ ከሚያስፈልገው በላይ ተጠጋች።

«ልክ ነው» አለች።